ኮምፒውተሩ ጣርማበርን ሲወርድ

ሸዋ ሮቢት የሚያድር የከባድ መኪና ሹፌር ከጋቢናው እንደወረደ ፊቱን አይታጠብም፣ ምግብም አያዝም። መጀመሪያ መኪናውን አንዴ ይዞረዋል። እየዞረ መዳፉን ወደየቸርኬው ያስጠጋል፤ አይነካውም፣ ያስጠጋል ብቻ። ቀጥሎ ያሸታል። ሽታው ካላማረው ራሱን ይነቀንቃል፤ አለዚያም ረዳቱን ይሰድባል። ሁለቱንም ካላደረገ የፍሬን ሸራው አልነደደም፣ ቁልቁለቱን በወጉ ወርዷል ማለት ነው። ያኔ ሳሙና ይጠይቃል።

ቁልቁለቱን ለማያውቀው ላስረዳ። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ደብረ ብርሃንን አልፎ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ጣልያን በወረራው ዘመን በቆፈረው ዋሻ ሾልኮም ከተራራው ማዶ ብቅ ይላል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሥራ መውረድ ነው። ደብረ ሲና፣ አርማኒያ፣ ከዚያ የእኛ ሸዋ ሮቢት፣ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ከጋቢ ወደ ካናቴራ ማለት ነው። ዋሻው አፍ ላይ ጉም ውጦት ጥርሱ ሲንገጫገጭ የነበረ መንገደኛ፣ ደብረ ሲና የገዛውን ቆሎ ሳይጨርስ ሹራቡን ያወልቃል። እኛ የይፋት ቆለኞች ደገኛውን የምናውቀው እንዲህ ላቡን እየጠረገ ሲመጣ ነው።

ታዲያ ማታ ማታ ከባድ መኪኖች በሚያድሩበት ሆቴል በረንዳ ላይ የሚወራው ወሬ አንድ ነው። ሁሉም ጣርማበርን ወርዷል። ሁሉም ደግሞ ከሌላው አብልጦ ነው የወረደው። አንዱ ኤንትሬ፣ አንዱ ትራከር፣ አንዱ ሕዝቡ “ቀይ ሽብር” ያለውን ሲኖ እየጠራ፣ ራቱ እስኪቀርብ ድረስ ያን ሁሉ ብረት በጉም፣ በጨለማ፣ ፍሬን አልይዝ ብሎት በማርሽ ብቻ ያወርደዋል። ገደል የገባ ሹፌር በረንዳው ላይ ተቀምጦ ስለማያወራ ወሬው ሁልጊዜ በድል ያልቃል። እኔ ከመኪና ሙያ የማውቀው ጋቢና ገብቶ ዝም ብሎ መቀመጥን ነው። ይህም ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ብዙ ተሳፋሪ አይረዳም። በረንዳው ላይም ድርሻዬ ያው ነው።

ሰሞኑን ይህን ሰላማዊ ፉከራ ያደፈረሰው አንድ ወጣት ሹፌር ነው። እሱ እንኳ ምንም አላደረገም፤ ጥፋቱ ይዞት የመጣው መኪና ነው። መኪናው የአውሮፓ ሥሪት ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ የሚጠሩለት ሞልተዋል። ወጣቱ እየተቅለሰለሰ፣ ግን እየኮራም፣ ያለውን ሁሉ ዘረዘረ። ፊቱ ላይ ራዳር አለው፤ ከፊት ያለ መኪና ሲቀርበው ራሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሹፌሩ ካላየ ራሱ ፍሬን ይይዛል። መስታወቱ ላይ ካሜራ አለ፤ የመንገዱን መስመር ሳታስበው ከረገጥክ ይጮሃል። ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ እግር ስር ፍሪሲዮን የሚባል ነገር የለም። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳትነካ የሚይዝልህ ሪታርደር አለው። ማንቀላፋት ስትጀምር ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ ስኒ ይሥላል።

“የምን ስኒ?” አሉ ጋሼ።

ጋሼ የበረንዳው ሽማግሌ ናቸው። በረዳትነት ገብተው፣ በኤንትሬ መሪ ጨብጠው፣ አሁን በጡረታና በጨጓራ መሀል ያሉ ሰው ናቸው።

“የቡና ነው ጋሼ።”

“ቡናውን ማን ያፈላዋል?”

“እሱማ አያፈላም። ደክሞሃልና ቆም ብለህ ጠጣ ለማለት ነው።”

ጋሼ ወደ እኛ ዞሩ። “ሰማችሁ? የኔ ረዳት እንኳ ቡና ጠጡ ሲለኝ ስኒውን ይዞ ነው የሚመጣው።” እንደገና ወደ ወጣቱ ዞሩና “ፍየል ያውቃል?” አሉት።

“ፊቱ የቆመ ነገር ሁሉ ያያል።”

“የቆመች ፍየልማ እኔም በዚህ ዓይኔ አያለሁ። ልትገባ ያሰበችውን ነው የምልህ።”

እኔን ያሳሰበኝ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ከሸዋ ሮቢት በጀውሃ በኩል ሰንበቴና አጣዬ ድረስ ያለው መንገድ ሜዳ ነው፤ ከጣርማበር ሲነጻጸር አልጋ ነው ማለት ይቻላል። ግን ሹፌሮቹ ከቁልቁለቱ ይልቅ የሚሳቀቁት በዚህ ነው። ሰንበቴ እሑድ ገበያ ይቆማል፤ ከአፋር በኩል ግመል፣ ከደጋው በኩል በግና አህያ፣ ከመሀል አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው፣ ሁሉም በአንድ አስፋልት ይመጣል። እዚያ ላይ መንዳት የሌላውን ሐሳብ ማንበብ ነው። ጆሮዋን ያቆመች ፍየል ትገባለች፤ ሣር የያዘች አትገባም። አንዷ ከተሻገረች የቀሩት ይከተላሉ፤ የመጨረሻዋን ተከትሎ ደግሞ እረኛው ግራ ቀኝ ሳያይ ይሮጣል። ስለዚህ አዋቂ ሹፌር ፍሬን የሚይዘው ለፍየሏ አይደለም፣ ገና ከቁጥቋጦው ላልወጣው ልጅ ነው። አህያ አስፋልቱ መሀል ከቆመች ቆመች ነው፤ ጥሩንባውም አይበግራትም፣ ዞረህ እለፍ። ግመል ዝም ብሎ ይመጣል፤ አስቦበት ስለመጣ አይመለስም። ራዳሩ ይህን ሁሉ አካል ያይ ይሆናል። የሚያየው ግን መንገድ ላይ ከወጣ በኋላ ነው። የጋሼ ዓይን የሚሠራው ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ሦስት ሰከንዶች ውስጥ ነው።

የመስመሩ ካሜራ ነገር የባሰ ነው። መሣሪያው የተሠራበት አገር መንገድ ቀለም አለው። በአውሮፓ ኅብረት እንደ እነሱ አቆጣጠር ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ አዲስ ዓይነት ከባድ መኪና ራሱ የሚይዝ የአደጋ ጊዜ ፍሬንና የመስመር ማስጠንቀቂያ ሳይኖረው ወደ ገበያ አይወጣም። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ደግሞ አዲስ የሚሸጥ ሁሉ የሹፌሩን ድካም የሚከታተል፣ የፍጥነት ወሰኑን የሚያስታውስ፣ ከጎን ያለውን እግረኛና ብስክሌተኛ የሚያይ መሣሪያ እንዲኖረው ተደንግጓል። ሕጉ ጥሩ ነው፣ ሰው ያተርፋል። ቀለሙ ለጠፋ መንገድ ግን ምን እንደሚደረግ አልተጻፈም። ወጣቱ እንደነገረን ካሜራው ቀለም ባላየበት ቦታ ሁሉ ዝም ይላል። ቀለም ያለበት ቦታ ሲደርስ ደግሞ ሹፌሩ ጉድጓድ ሊሸሽ ግራ ቀኝ ስለሚል ሳያቋርጥ ይጮሃል። ዝም ያለው ያለ ሥራው፣ የጮኸውም ያለ ጥፋት። ሁለት ቀን ታገሠውና በሦስተኛው ቀን አንድ ኤሌክትሪሻን ጩኸቱን አዘጋለት። የአገራችን ሹፌር ከቴክኖሎጂ ጋር የሚተዋወቀው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ የሚማረው የትኛው ሽቦ እንደሚነቀል ነው። የፍጥነት መገደቢያ ግጠሙ ሲባልም እንዲሁ ነበር፤ ከገጣሚው ቀጥሎ ሥራ የበዛለት ነቃዩ ነው።

ሹፌርን የሚያግዝ ነገር ዛሬ የተጀመረ እንዳይመስለን። የጥንቶቹ የጣልያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ነበር። ለጌጥ አልነበረም፤ በተራራ መንገድ ላይ ሹፌሩ የጎማውን ጫፍና የገደሉን አፍ በመስኮት አጎንብሶ እንዲያይ ታስቦ ነው። ከዚያም በፊት፣ መኪና የሚባል ነገር ሳይኖር፣ ይኸው ተራራ በአንኮበር በኩል የራሱ መላ ነበረው። ከታጁራ የሚነሣ የሲራራ ነጋዴ በግመል ቆላውን አቋርጦ ፋሬና አልዩ አምባ አካባቢ ሲደርስ ግመሎቹን ያራግፋል። ከዚያ ወደ አንኮበር ያለውን ዳገት ግመል አይወጣውምና ጭነቱ ለበቅሎ፣ ለአህያና ለሰው ጫንቃ ይተላለፋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1841 ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ፣ ሻምበል ሃሪስ፣ ዕቃውን ሁሉ ይዞ እዚያው ቆላው ላይ ቆሞ ተሸካሚ እስኪሰበሰብለት ጠብቋል። ግመል ነጂው “እኔ እንዲህ ያለውን ዳገት በአንድ እጄ ነው የማወጣው” አላለም። የበረንዳችን ሰዎች ይህን ሲሰሙ ብዙም አልተደሰቱም።

ወደ ቁልቁለቱ ልመለስ፤ ዋናው ነገር እዚያ ነው ያለው። ከነጭነቱ 40 ቶን የሚመዝን መኪና ከጣርማበር ሸዋ ሮቢት ሲወርድ 1,800 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይሄዳል። የስበቱ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። አንድ ላይ ቢሰበሰብ አሥር በርሜል ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ ከወረደ ብዙውን ሞተሩ ይሸከመዋል። በቀላል ማርሽ እየወረደ ፍሬን ላይ ከተኛ ግን ያ ሁሉ እሳት በጥቂት ሸራና ታምቡር ላይ ያርፋል። ሸራው ሲግል ያዳልጣል፣ ታምቡሩም ከሙቀቱ ሰፍቶ ይሸሸዋል፤ እግር ፔዳሉን እስከ ወለል ቢረግጠውም መኪናው አይሰማም። “ፍሬን በጠሰ” የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ምንም የተበጠሰ ነገር የለም፤ የተበጠሰው ዋሻው አፍ ላይ ማርሽ ሲመረጥ ነው። እዚያ ላይ የተሳሳተ ሰው ከአርማኒያ በላይ ካለው ኩርባ ላይ ቢጸጸት ዋጋ የለውም።

እዚህ ላይ ሪታርደሩን ማመስገን አለብኝ፤ ጋሼ እንኳ ዝም ብለው ሰሙ። ፍሬኑን ሳይነካ ለረጅም ሰዓት ይይዛል፣ ሸራው ቀዝቃዛ ሆኖ ለድንገተኛ ነገር ይቆያል። ግን እሱም ሙቀቱን የሚጥለው ራዲያተሩ ላይ ነው። ራዲያተሩ ሲግል አቅሙን ይቀንሳል፤ ወደ እኛ በወረደ ቁጥር ደግሞ አየሩ ራሱ ትኩስ ነው። ጉም ያረጠበው አስፋልት ላይም ጠንክሮ ከያዘ የኋላ ጎማ ሊያንሸራትት ይችላል። ስለዚህ ከላይ ሆኖ “ዛሬ በስንት ልውረድ?” ብሎ የሚወስን ሰው አሁንም ያስፈልጋል። ነጋዴው “ሃምሳ ኩንታል ብቻ ነው፣ ምን ችግር አለው?” እያለ ከልክ በላይ ሲጭን እምቢ የሚል ሰውም ያስፈልጋል፤ እምቢ የሚል ሪታርደር እስካሁን አልተፈለሰፈም።

ከዚያ ወጣቱ የጋሼን ወኔ የሰለበ ነገር ተናገረ። ጋሼ ለረዳቶቻቸው ሁሉ ያስተማሩት ሕግ “ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ” የሚል ነው። በኤንትሬ ዘመን እውነት ነበር። ከ400 የፈረስ ጉልበት በላይ ያለው የዛሬ ሞተር ግን ያንኑ ዳገት በቀላል ማርሽ እየዘፈነ ይወጣዋል፤ በዚያው ማርሽ ልውረድ ያለ ሰው ደብረ ሲና አይደርስም። ሞተሩ ሲጎለምስ ሕጉ አረጀ። ጋሼ ለጥቂት ጊዜ ጥርሳቸውን በስንጥር ጎረጎሩ።

ወጣቱ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ነው መሰለኝ፣ ሌላም ጨመረ። “ለስላሳ ቁልቁለት ሲያገኝ ደግሞ ነዳጅ ለመቆጠብ ራሱ ፎሌ ያደርገዋል።”

“ማን?”

“ኮምፒውተሩ።”

ጋሼ ተነሥተው ቆሙ። “እኔ ፎሌ ስትወርድ ተገኘህ ተብዬ የወር ደሞዜን ተቀጥቻለሁ! አሁን ፈረንጅ ሲሠራው ቴክኖሎጂ ሆነ?”

“እሱ ግን ጋሼ፣ ቁልቁለቱ ሲጠነክር ወዲያው ማርሽ ያስገባል።”

“እኔስ አላስገባም ነበር?”

ይህን ጊዜ የጋሼ ረዳት የነበረ፣ አሁን ራሱ ተሳቢ የሚነዳ ሰውዬ ከጥግ ሳል ያዘው። ሳሉ ቶሎ አልለቀቀውም። ያኔ የተቆጠበው ነዳጅ በስንት ጀሪካን የት እንደሄደ የጠየቀ አልነበረም፤ በረንዳው ላይ የተቀመጠው ሁሉ ጨዋ ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ክርክር የተረዳሁት፣ ሹፌሮቻችን በአንድ ስም የሚጠሩት “ችሎታ” ሁለት የተለያየ ነገር መሆኑን ነው። አንደኛው ዕውቀት ነው፤ ሸራ ማሽተት፣ ፍየል ማንበብ፣ ዋሻው አፍ ላይ ልብን መግታት። ሁለተኛው ፉከራ ነው፤ ኩርባ ላይ ደርቦ ማለፍ፣ ሁለት ሌሊት ሳይተኙ መንዳት፣ ጫት ቅሞ በምርቃና “መንገዱ ራሱ ነው የሚነዳኝ” ማለት። ማሽኑ ሲመጣ የሚያኮርፈው ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። ከፊት ያለውን መኪና ሦስት ክንድ ተጠግቶ በጥሩንባ የሚያሳድድ ሰው ራዳሩን ቢጠላ አይገርምም። ከምሳ በኋላ በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ ሆዱ ሞልቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ ትኩስ ንፋስ እየጠጣ የሚነዳ ሰው እንቅልፍን በወኔ አያሸንፍም። በረንዳው ላይ አሸነፍኩ የሚለውን አምናችሁ ከኋላው አትሳፈሩ። እንቅልፍን በተመለከተ እኔ ከስኒው ጋር ነኝ፤ ስኒው ጫት አይቅምም፣ አይዋሽምም።

ዕውቀቱን በተመለከተ ግን ከጋሼ ጋር ነኝ። የመንገዱ ጽሑፍ በምልክትና በቀለም ብቻ አይጻፍም። አስፋልት ላይ የተጣለ የቅጠል ቅርንጫፍ “ከኩርባው ወዲያ የተበላሸ መኪና አለ” ማለት ነው፤ ካሜራው የፍጥነት ወሰን ምልክት ያነባል፣ ቅጠል አያነብም። በማዶ የሚመጣ ሹፌር መብራቱን ሁለቴ ካበራ አንድ ነገር አለ፤ ትራፊክ ሊሆን ይችላል፣ ከብት ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም የከፋ ሊሆን ይችላል። ይህ መስመር ባለፉት ዓመታት ብዙ አይቷል። ዛሬ ከሸዋ ሮቢት የሚነሣ ሹፌር ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ወደ አጣዬ፣ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ካራቆሬ ይደውላል፤ “መንገዱ እንዴት አደረ?” ይላል። መልሱን ከቃሉ አይደለም፣ ከድምፁ ነው የሚሰማው። ሰውዬው “ሰላም ነው” ሲል ትንሽ ከዘገየ ሹፌሩ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ሁለተኛ ቡና ያዛል። ይህን የሚያደርግ መሣሪያ ማንም ሊገጥምለት አይችልም።

ይህ ዕውቀት ደግሞ ከየት መጣ? ትምህርት ቤቱ ጋቢናው ነው፣ ተማሪው ረዳቱ። ሕጉ፣ አዋጅ ቁጥር 1074/2010፣ መንጃ ፈቃድን በማሠልጠኛ ተቋምና በፈተና በኩል ያመጣዋል፤ መሆንም ያለበት እንደዚያ ነው። ነገር ግን ማሠልጠኛው ጣርማበር የለውም። ጣርማበርን የሚያስተምረው ለዓመታት በሹፌሩ ቀኝ ተቀምጠው፣ እግሩን ያዩ፣ ስድቡን የጠጡ፣ ታኮ ይዘው የሮጡ ልጆች ያለፉበት ወንበር ነው። የረዳት ሥራ ምን እንደሆነ ላልተሳፈረበት ሰው ማስረዳት ይከብዳል። ጎማውን በብረት እየመታ ከድምፁ የተነፈሰውን ይለያል። ዳገት ላይ መኪናው ሲቆም፣ ሹፌሩ ሳይናገር፣ ከጋቢናው ዘሎ ድንጋይ ከጎማው ስር ይሸጉጣል። (መኪናው ሲነሣ ድንጋዩን እዚያው ጥሎ የሚሄደው ግን በሰማይም በምድርም ይጠየቅበታል።) ወደ ኋላ ሲሄዱ “ና… ና… ና… ትንሽ ግራ… በቃ!” ይላል፤ በ“ና” እና በ“በቃ” መሀል ያለውን ርዝመት ለክቶ ነው የሚያወጣው። ሌሊት ደግሞ ያወራል። ያወራውን ማንም አያዳምጠውም፤ ሹፌሩ እንዳይተኛ ነው።

አዲሱ መኪና ይህን ሁሉ በቁራጭ በቁራጭ ወስዶታል። የጎማውን ንፋስ በቁጥር ያሳያል፣ ዳገት ላይ ፍሬኑን ራሱ ይዞ ይቆያል፣ ከኋላው ካሜራ አለው። ታዲያ ልጁ ምን አይቶ ይማር? የሹፌሩ እግር አይንቀሳቀስም፣ እጁ ማርሽ አይቀይርም። ማርሽ ሲመረጥ ያላየ፣ ሸራ ሲሸት ያላሸተተ ልጅ ነገ ሹፌር ሲሆን፣ የሚሰጠው መኪና ያው የባለጸጋው አዲስ መኪና ቢሆን ደግ ነበር። የሚሰጠው ግን አሮጌ አይሱዙ ነው፤ ለዚያውም ከልክ በላይ ሽንኩርት ወይም ማሾ የተጫነ። እኔን የሚያስፈራኝ ጋሼን የሚያስፈራቸው አይደለም። ጋሼ ማሽኑ የሹፌርን ሙያ ይወስዳል ብለው ነው የሚሰጉት። እኔ የምሰጋው ሙያውን ከነባሩ ሹፌር ተቀብሎ ለልጁ ሳያቀብል መሀል ላይ እንዳያስቀረው ነው።

በዚያ ላይ የማሽኑ ዓይን ራሱ ተንከባካቢ ይፈልጋል። እዚያው ሆቴሉ ደጅ የወጣቱ ረዳት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ፣ ፓራውልቱ ስር ተንበርክኮ በእርጥብ ጨርቅ የራዳሩን ፊት ሲወለውል አየሁት። ከጣርማበር ጭቃ፣ ከአርማኒያ አቧራ፣ ከሮቢ ወንዝ ማዶ ደግሞ የማታ ትንኝ ሁሉ ተለጥፎበት ዳሽቦርዱ ላይ “አላይም” የሚል ምልክት በርቶ ነበር። ልጁ በጥፍሩ እየፋቀ፣ ምራቁን እንትፍ እያለበት አጸዳው። ምልክቱ ጠፋ። ወጣቱ ከጋቢና ሆኖ አውራ ጣቱን አነሣለት፤ ራዳሩ ዓይኑ በራለት፣ ያንን ሁሉ ቴክኖሎጂ ያዳነው አንድ አሮጌ ካናቴራ ነው።

ከቴክኖሎጂው ሁሉ በእርግጥ እዚህ ደርሶ ሥራውን በትጋት የሚሠራው ግን ራዳሩም ካሜራውም አይደለም፤ ጂፒኤሱ ነው። ባለንብረቱ አዲስ አበባ ሶፋው ላይ ተቀምጦ መኪናው የት እንደቆመ በስልኩ ያያል። ጥብስ ገና ሳይቀርብ ይደውላል። “ሸዋ ሮቢት ላይ ምን ትሠራለህ?” ይላል። “ጎማ እያየሁ ነው” የሚለው መልስ በየበረንዳው የታወቀ ነው፤ ጎማው የሚታየው በአዋዜ ቢሆንም። ያን ዕለት ማታም የወጣቱ ስልክ ጮኸ፤ እጁ በወጥ ስለተነከረ በስፒከር አነሣው፣ ሁላችንም ሰማን።

ባለንብረቱ በዚያ ቀን መኪናውን የሸጡለትን ሰዎች አግኝቶ ኖሯል፤ ደስ ብሎታል። “ስማ፣ ሁሉ ነገር አለውኮ! ጎማውን ራሱ ያያል፣ ዳገት ላይ ራሱ ይቆማል፣ ከኋላ ካሜራ አለው። ታዲያ ያ ልጅ ምን ያደርግልሃል? ወሩ ሲሞላ አሰናብተው።”

ወጣቱ ጨርቁን ይዞ በሩ ላይ የቆመውን ልጅ አየው። ልጁም አየው።

“እሺ ጌታዬ” አለ ወጣቱ። “እንዲያው አንድ ነገር ላስቸግርዎ። ጎማ ሲፈነዳ ስኮርቱን አውርዶ ክሪክ ስሩ የሚገባው በየትኛው ቁልፍ ነው? መጽሐፉን አገላብጬ አጣሁት።”

ከስልኩ ወዲያ ለጥቂት ጊዜ ዝም ተባለ። “ቆይ” አለ ባለንብረቱ፣ “የሸጡልኝን ሰዎች ልጠይቅና እደውላለሁ።”

ልጁ ጨርቁን በረንዳው ላይ አሰጣና የደሞዝ ጭማሪ ጠየቀ።